የመጀመሪያዋ የሹራብ ኮፍያ፦ ከጠርዝ እስከ አናት

ሹራብ መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው የአንገት ልብስ እንዲሠራ ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ግን የአንገት ልብስ ሁለት ሜትር ሙሉ አንድ ዓይነት ረድፍ መደጋገም ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሰልችቷቸው ከነመርፌው መሳቢያ ውስጥ የከተቱት ብዙ ናቸው። ኮፍያ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ጥቅል ክር ይበቃዋል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ልክ መውሰድን፣ ተለጣጭ ጠርዝን፣ መቀነስንና መስፋትን በአንድ ሥራ ያስተምራል።

እዚህ የምንሠራው በሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች ዝርግ ሆኖ የሚሠራና በመጨረሻ ከኋላ የሚሰፋ ኮፍያ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በገመድ በተያያዙ ክብ መርፌ ያለ ስፌት መሥራትም ይቻላል፤ እጃቸው የፈታ ሰዎች የሚመርጡትም እሱን ነው። ለጀማሪ ግን ሁለት ችግር አለው። መጀመሪያ ዙሩን ሲገጥሙ ረድፉ ከተጠማዘዘ ሥራው በሙሉ ይበላሻል፤ አናቱ እየጠበበ ሲሄድ ደግሞ መርፌ መቀየር ግድ ይላል። ሁለተኛውን ኮፍያ በክብ ትሠሩታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሁን። መለያ ወረቀቱ ላይ የመርፌው መጠን ይጻፋል፤ 5 ሚሊሜትር ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ያለውን ፈልጉ። 100 ግራም የሚመዝንና 200 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጥቅል ለአንድ አዋቂ ኮፍያ ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል። ሁለት ጥቅል የምትገዙ ከሆነ መለያው ላይ ያለው የቀለም ቁጥር ብቻ ሳይሆን የማቅለሚያ ዙሩ ቁጥርም አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር በጥቅልነቱ ተመሳሳይ መስሎ ሲሠራ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ቀለሙ ፈካ ያለና አንድ ወጥ ይሁን። ጥቁር ክር ላይ ቀለበቶቹን ለይቶ ማየት ለልምደኛም ያስቸግራል። ጸጉራምና ለስላሳ የሆነው ክር ሲያዩት ያማልላል፤ ስሕተት ሲፈጠር ግን እርስ በርሱ ተያይዞ አልተረተርም ይላል። ለመጀመሪያ ሥራ ልሙጥና በደንብ የተፈተለ ክር ያዙ።

ከሱፍ፣ ከአክሪሊክና ከጥጥ የቱ ይሻላል ከተባለ፣ ሱፍ። ሱፍ ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በዚህም የጀማሪን ያልተስተካከለ አሠራር ይሸፍናል። አክሪሊክ ለመታጠብ ይቀላል፣ ቆዳው በሱፍ ለሚበላውም ሰው ይስማማል። ጥጥ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ስለማይለጠጥ እጅ ያደክማል፣ ጠርዙም ቶሎ ይላላል።

መርፌዎቹ 5 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 30 ወይም 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ይሁኑ። ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የተሠሩት ክሩን ያዝ ስለሚያደርጉ ቀለበት በቀላሉ አያመልጥም። የብረቶቹ ያንሸራትታሉ፤ ፍጥነት ሲመጣ ጥሩ ናቸው። ከነዚህ ሌላ ሜትር፣ መቀስ፣ ዓይኑ ሰፊ ጫፉ ደነዝ የሆነ የመስፊያ መርፌ፣ እንዲሁም ያመለጠ ቀለበት ማንሻ የሚሆን አንድ ኪሮሽ አዘጋጁ።

ቀለበት መጫን

ከክሩ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ሸምቀቆ ሥሩና በግራ እጃችሁ በያዛችሁት መርፌ ላይ አግቡት። ስትስቡት መርፌውን ይያዘው፣ ግን አያንቀው። ይህ የመጀመሪያው ቀለበት ነው።

አሁን የቀኙን መርፌ ጫፍ በዚህ ቀለበት ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። ሁለቱ መርፌዎች ይመሳቀላሉ፤ የቀኙ ከኋላ ይሆናል። ከጥቅሉ የሚመጣውን ክር ከቀኙ መርፌ ጀርባ ወደ ግራ አዙራችሁ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት አምጡት። ክሩን ጠበቅ አድርጋችሁ እንደያዛችሁ የቀኙን መርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ መልሱት፤ የተጠመጠመውን ክር ይዞ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል። ቀኙ መርፌ ላይ አዲስ ቀለበት አለ ማለት ነው። ሳብ አድርጋችሁ አስፉትና ግራው መርፌ ላይ ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀምጡት። ሁለት ሆኑ። ሦስተኛውን ከሁለተኛው ውስጥ አውጡ፣ አራተኛውን ከሦስተኛው፣ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ።

ቀለበት የሚጫንባቸው ሌሎች መንገዶች አሉ። ይህን የመረጥኩት አንዴ ከገባችሁ ዋናውን አሠራር ስለምታውቁት ነው።

ሁለቱ አሠራሮች

ሹራብ ሁሉ፣ የቱንም ያህል የተወሳሰበ ቢመስል፣ መሠረቱ ሁለት ዓይነት ቀለበት ነው። እዚህ «ቀጥታ» እና «ግልብጥ» እንበላቸው።

ቀጥታ፦ ክሩ ከሥራው ኋላ ይሁን። ልክ ቀለበት ስትጭኑ እንዳደረጋችሁት መርፌውን አስገቡ፣ ክሩን አዙሩ፣ አዲሱን ቀለበት አውጡ። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ አዲሱን ቀለበት ወደ ግራ መመለስ ትታችሁ ቀኙ ላይ አቆዩትና አሮጌውን ከግራው መርፌ ጫፍ አውልቁት።

ግልብጥ፦ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል አሳልፋችሁ ወደ ፊት አምጡት። የቀኙን መርፌ ጫፍ በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ አስገቡ፤ አሁን የቀኙ መርፌ ከግራው ፊት ነው። ክሩን በቀኙ መርፌ ጫፍ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ዙር አዙሩት፤ በሁለቱ መካከል ወርዶ ወደ ፊት ይመለስ። ከዚያ ጫፉን ክሩን እንደያዘ በቀለበቱ ውስጥ ወደ ኋላ ግፉትና አሮጌውን አውልቁ።

የተሠራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀጥታ የተሠራ ቀለበት ከፊት ሲታይ ሁለት እግሮቹ ታች የሚገናኙ ሽሩባ የመሰለ ነው። ግልብጡ አግድም የተኛች ትንሽ ጉብታ ናት። ከዚህም በላይ አንዱ የሌላው ጀርባ ነው፤ ቀጥታ የሠራችሁትን ገልብጣችሁ ስታዩት ጉብታ፣ ጉብታውን ገልብጣችሁ ስታዩት ሽሩባ ታገኛላችሁ። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከመቁጠር ይበልጣል። የለየ ሰው ስልክ ደውሎ መሐል ላይ ቢያቋርጠውም ተመልሶ ሥራውን አይቶ የቱ ጋ እንደነበረ ያውቃል።

ግራኝ የሆናችሁ መመሪያውን ገልብጣችሁ ለመሥራት አትቸኩሉ። ሹራብ ሁለቱንም እጅ ያሠራል፤ ብዙ ግራኞች እንዲሁ እንዳለ ለምደውታል።

ናሙናው

ይህን ክፍል መዝለል የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። አትዝለሉት፤ ኮፍያው ልክ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው እዚህ ነው።

24 ቀለበት ጫኑ። አንዱን ረድፍ በሙሉ ቀጥታ፣ መርፌዎቹን ቀያይራችሁ ቀጣዩን ረድፍ በሙሉ ግልብጥ እየሠራችሁ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሂዱ። ጠርዙ ይጠቀለላል፤ የዚህ አሠራር ጠባይ ነው እንጂ ጥፋታችሁ አይደለም። ቀለበቶቹ እንዳይተረተሩ በቁራጭ ክር ላይ ሰክታችሁ ከመርፌው አውርዱ፣ ናሙናውን አጥባችሁ አድርቁት፣ ሳትለጥጡ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና መሐሉ ላይ ሜትር አኑራችሁ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ። ዳር ዳሩን አትለኩ፤ ዳር ሁልጊዜ ይዋሻል።

የምንፈልገው 18 ነው። 20 ከመጣ አሠራራችሁ ጠበቅ ያለ ነውና 5.5 ሚሊሜትር መርፌ ሞክሩ። 16 ከመጣ ላላ ብሏል፤ ወደ 4.5 ውረዱ። «የሁለት ቀለበት ልዩነት ምን ያመጣል?» የሚል ካለ ሒሳቡ ይኸው፦ ለኮፍያው 90 ቀለበት እንጭናለን፣ ሁለቱ ስፌት ውስጥ ይገባሉ፣ 88 ይቀራል። በ18 ሲሠራ ዙሪያው 49 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ20 ከሆነ 44፣ በ16 ከሆነ 55። አንዱ ራስ ላይ አልገባ ይላል፣ ሌላው ዓይን ላይ ይወርዳል።

ናሙናው ሌላም ጥቅም አለው። እጃችሁ የሚፈታው እሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ናሙና የተዛነፈ ከሆነ ሌላ ሠርታችሁ ሁለተኛውን ለኩ።

ልክ

ሜትሩን ከቅንድብ ከፍ አድርጋችሁ በጆሮ አናት በኩል በራስ ዙሪያ አዙሩት። የአብዛኛው አዋቂ ራስ ከ54 እስከ 58 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኮፍያው ከራሱ አንድ አሥረኛ ያህል ማነስ አለበት፤ ተለጥጦ ነው ራስ ላይ የሚቆየው። በራሱ ልክ የተሠራ ኮፍያ ይወልቃል።

ለመካከለኛ አዋቂ 90 ቀለበት፣ ለትልቅ ራስ 98፣ ራሱ 49 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ 82 ጫኑ። ሌላ ቁጥር ከፈለጋችሁ ለ8 የሚካፈል ሆኖ 2 የተጨመረበት ይሁን፤ ምክንያቱ አናቱ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ጠርዙ

90 ቀለበት ጫኑና ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። ከዚያ፦

አንደኛ ረድፍ፦ 2 ቀጥታ፣ 2 ግልብጥ፣ እንዲህ እየደጋገማችሁ እስከ መጨረሻው፤ የሚያልቀው በ2 ቀጥታ ነው።

ሁለተኛ ረድፍ፦ 2 ግልብጥ፣ 2 ቀጥታ፣ እየደጋገማችሁ፤ የሚያልቀው በ2 ግልብጥ ነው።

እነዚህን ሁለት ረድፎች 6 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ቀጥሉ። ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ መቁጠር አያስፈልግም። ፊታችሁ ያለው ሽሩባ ከሆነ ቀጥታ፣ ጉብታ ከሆነ ግልብጥ ሥሩት።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው እዚህ ያለች አንዲት ነገር ናት። ከቀጥታ ወደ ግልብጥ ስታልፉ ክሩ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከግልብጥ ወደ ቀጥታ ስትመለሱ ከፊት ወደ ኋላ መምጣት አለበት፤ መንገዱም በሁለቱ መርፌዎች መካከል ነው። ከመርፌው በላይ ከተሻገረ ሳታስቡት አዲስ ቀለበት ይወለዳል፣ ሥሩም ቀዳዳ ይሆናል። 90 የነበረው 94 ሆኖ ካገኛችሁት ጥፋተኛው ይኸው ነው።

ጠርዙ ታጥፎ ጆሮን እንዲሸፍን ከፈለጋችሁ በ6 ፋንታ 12 ሳንቲ ሜትር ሥሩት፤ የሚቀጥለውንም ልክ በዚያው መጠን ጨምሩ።

አካሉ

አንደኛው ረድፍ በ2 ቀጥታ የሚጀምርበት ገጽ የኮፍያው ፊት ነው። እዚያ ገጽ ላይ ባለ ሌላ ቀለም ቁራጭ ክር እሰሩበት፤ ከማሰብ ያሳርፋችኋል። ከዚህ በኋላ ፊቱ ወደ እናንተ ሲሆን ረድፉን በሙሉ ቀጥታ፣ ጀርባው ወደ እናንተ ሲሆን በሙሉ ግልብጥ ሥሩ። ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ 16 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ አቁሙ። ኋላ ላይ ጣል የሚል ኮፍያ የሚወድ ሰው 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ይጨምር። ስትለኩ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ይተኛ፤ ከመርፌ ላይ ተንጠልጥሎ ሲለካ ክብደቱ ያስረዝመዋል።

በዚህ ረጅም ክፍል ላይ ነው ችግሮች ብቅ የሚሉት።

ቀለበት አምልጦ ወደ ታች መሰላል ሠርቶ ከወረደ አትደንግጡ፣ ሥራውንም አትሳቡ። ፊቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩ። ኪሮሹን ባመለጠው ቀለበት ውስጥ ከፊት አስገቡ፣ ከበላዩ ያለውን አግድም ክር ያዙና በቀለበቱ ውስጥ ሳቡት። ቀጥሎ ያለውን አግድም ክር እንዲሁ፣ እስከ ላይ። ከዚያ ቀለበቱን ግራው መርፌ ላይ መልሱት።

ረድፍ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት መስሎ ከታያችሁ ክሩ ከመርፌው በላይ ወደ ኋላ ተስቦ የታችኛውን ቀለበት እግሮች ገልጧቸዋል ማለት ነው። ክሩን ከመርፌው በታች አውርዱት፤ አንድ መሆኑ ይታያል። ይህን ሳያስተውሉ ሁለቱንም የሚሠሩ ሰዎች ሹራባቸው ወደ ላይ እየሰፋ ይሄድባቸዋል።

ረድፍ መሐል ላይ አቋርጣችሁ ስትመለሱ ከጥቅሉ የሚመጣው ክር የተያያዘበት መርፌ ቀኝ እጅ ላይ ይሁን። ተገላብጦ ከተያዘ ረድፉ ወደ መጣበት ይመለስና ቀዳዳ ይፈጠራል። ቢቻል ረድፉን ጨርሳችሁ አስቀምጡት።

የጥቂት ቀለበት ስሕተት ከሆነ መርፌውን አውጥቶ መተርተር አያስፈልግም። የግራውን መርፌ ጫፍ በቀኙ መርፌ ላይ ካለው ቀለበት በታች ባለው ቀለበት ውስጥ አስገቡ፣ ላይኛውን አውልቁ፣ ክሩን ሳቡ። አንድ ተመለሰ። እንዲህ አንድ በአንድ ወደ ስሕተቱ ሂዱ። ሦስትና አራት ረድፍ በታች ያለች ትንሽ ስሕተት ደግሞ፣ ቀዳዳ ካልሆነች፣ ትተዋት ቢያልፉ የሚያያት የለም።

አናቱን መቀነስ

አሁን ሁለት ቀለበት በአንድ እንሠራለን። የቀኙን መርፌ በአንዱ ፈንታ በሁለት ቀለበቶች ውስጥ በአንድ ጊዜ አስገቡና እንደ አንድ ቀጥታ ሥሯቸው። ሁለት የነበረው አንድ ሆነ።

ፊቱ ወደ እናንተ ሲሆን ጀምሩ፦ 1 ቀጥታ፤ ከዚያ «6 ቀጥታ፣ 2 በአንድ» የሚለውን 11 ጊዜ ድገሙ፤ 1 ቀጥታ። 79 ይቀራል። ሲመለሱ ረድፉ በሙሉ ግልብጥ ነው።

ቀጣዩ የመቀነሻ ረድፍ እንዲሁ ነው፣ ግን በ6 ፋንታ 5 ቀጥታ፤ 68 ይቀራል። ከዚያ 4፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1፤ የሚቀሩትም 57፣ 46፣ 35፣ 24 ይሆናሉ። በየመሐሉ ያለው የመመለሻ ረድፍ ሁልጊዜ ግልብጥ ነው። 24 ከደረሳችሁና አንድ ረድፍ ግልብጥ ከሠራችሁ በኋላ ረድፉን በሙሉ 2 በአንድ እያላችሁ ጨርሱ። 12 ቀለበት።

ቀለበቱን ለ8 የሚካፈልና 2 የተጨመረበት ያልነው ለዚህ ነበር፤ ስምንት ስምንቱ አንድ ቡድን ነው፣ ሁለቱ ዳርና ዳር ለስፌት የተቀመጡ ናቸው። በ82 የጀመረ ሰው 11 ጊዜ ያልነውን 10 ጊዜ፣ በ98 የጀመረ 12 ጊዜ ይደግማል፤ በመጨረሻ 11 ወይም 13 ይቀራቸዋል። ከየመቀነሻው ረድፍ በኋላ ቁጠሩ። ቁጥሩ አንድ ከጎደለ ወይም ከተረፈ እዚያው ረድፍ ላይ ፈልጉት፤ ሁለት ረድፍ ካለፈ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።

መዝጋትና መስፋት

ክሩን 70 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። በመስፊያው መርፌ ላይ ሰክታችሁ በ12ቱ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉና የሹራቡን መርፌ አውጡ። አንድ ዙር ደግማችሁ አሳልፉት፣ ከዚያ አናቱ እስኪዘጋ ድረስ ሳቡ። ወደ ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ወግታችሁ አጥብቁት።

ስፌቱ የኮፍያውን መልክ ይወስናል፤ በመርፌ ዳርና ዳሩን ጠቅልሎ መስፋት ወፍራም ጅማት ይተዋል። የሚከተለው ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ሲያልቅ አይታይም። ሁለቱን ዳሮች ጎን ለጎን አስተኙ፣ ፊታቸው ወደ ላይ። ዳሩን ቀስ ብላችሁ ስትለጥጡት በመጀመሪያውና በሁለተኛው የቀለበት መስመር መካከል አጫጭር አግድም ክሮች ታያላችሁ። መርፌውን በቀኙ ዳር ባለ አንድ አግድም ክር ሥር አሳልፉ፣ ከዚያ በግራው ትይዩ ባለው ሥር፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። አምስት ስድስት ጥንድ ላላ አድርጋችሁ ከሰፋችሁ በኋላ ክሩን ሳቡት፤ ሁለቱ ዳሮች ይገጥማሉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ቀለበቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ጠርዙ ላይ ስትደርሱ ከየዳሩ አንድ ቀጥታ ስለሚቀር ሁለቱ ገጥመው 2 ቀጥታ ይሆናሉ፤ ንድፉ ሳይቋረጥ ይዞራል። የሚታጠፍ ጠርዝ የሠራችሁ የታችኛውን 6 ሳንቲ ሜትር ከውስጥ በኩል ስፉ፤ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚወጣው እሱ ነው።

የተረፉትን የክር ጫፎች በስፌቱ ላይ ከውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር አሳልፉ፣ አቅጣጫ ቀይራችሁ ትንሽ መልሱና ቁረጡ። አትቋጥሩ፤ ቋጠሮ ራስን ይቆረቁራል፣ ውሎ አድሮም ይፈታል።

ከዚያ ኮፍያው ይታጠብ። ሱፍ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ ሳታሹ አውጡት፤ ሙቅ ውኃና ማሸት ሱፍን ያጠብቀዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን ተጫኑት። አክሪሊክ በማሽን ይታጠባል፣ ካውያ ግን አታስነኩት፤ ሙቀቱ ክሩን አቅልጦ መለጠጡን ያጠፋዋል። ሁለቱንም በዝርግ ቦታ አኑራችሁ፣ ጠርዙን በእጅ ሰብሰብ አድርጋችሁ አድርቁ።